በኩሬ መሃል ላለ ቤት ምድጃ ምን ያደርግለታል?

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አጎቴ በወጣትነቱ ለሥልጠና ሴኡል ሄዶ ነበር። ከዚያ ያመጣት አንዲት ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለዓመታት ኖራለች። በኩሬ መሃል ትንሽ ደሴት አለች። ደሴቷ ላይ ስድስት ማዕዘን ያለው፣ ከታች አንድ ክፍል ከላይ አንድ ክፍል የሆነ የእንጨት ቤት ቆሟል። ድልድዩ ከአጎቴ ጀርባ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለፈው ጥር እኔም ሴኡል የመሄድ ዕድል አገኘሁ። ቦታውን አፈላልጌ ደረስኩበት። ግዮንግቦክጉንግ በሚባለው ቤተ መንግሥት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ነው። የቤቱ ስም ሂያንግዎንጆንግ ነው። አጎቴ በቆመበት በኩል ቆምኩ። ድልድዩ የለም። አየት ሳደርግ ከቤቱ ወዲያ ማዶ ሌላ ድልድይ አለ፤ ነጭ፣ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ።

ሁለቱን ፎቶዎች መድረኩ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛ፣ ድልድዩን ማን አዞረው? ሁለተኛ፣ አንዲት አስጎብኚ ከቤቱ ወለል ሥር እሳት የሚነድበት ቦታ አለ ስትል ሰምቻለሁ። ለመዝናኛ ተብሎ በኩሬ መሃል የተሠራ የእንጨት ቤት ምድጃ ምን ያደርግለታል?

30 መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞ ብዙ ሰው ከመሃል ስለተወው እንደ ቅደም ተከተሉ ልተርክላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማለት ለምን እንዳስፈለገ ወዲያው ይገባችኋል።

1ኛ መልስ። ሴኡል ውስጥ የጥንታዊ ሕንፃ ጥበቃ የምትማር እህታችን ናት የጀመረችው። ከሰላምታዋ ጀምሮ ትሁት ነች። ድልድዩን ማንም አላዞረውም፣ ወደ ቦታው ተመለሰ እንጂ አለች። የድልድዩ ስም ቹዊህያንግግዮ ነው። በመዓዛ የሚያሰክር ድልድይ እንደማለት ነው። መጀመሪያ የተሠራው በሰሜን በኩል ነበር። እዚያ ንጉሥ ጎጆንግና ንግሥቲቱ የሚኖሩበት፣ በ1873 የተሠራ ጎንቾንግጉንግ የሚባል መኖሪያ አለ። ድልድዩ ከዚያ ቤት ወደ ደሴቷ መሻገሪያ ነበር። በኮሪያ ጦርነት ፈረሰ። በ1953 መልሰው ሲሠሩት ጎብኚ እንዲመቸው በደቡብ በኩል አደረጉት። የአጎቴ ፎቶ ላይ ያለው ይሄኛው ነው። ከ2018 እስከ 2021 በተደረገው ጥገና ግን ርዝመቱ 32 ሜትር የሆነ የእንጨት ድልድይ ተሠርቶ ወደ ሰሜን ተመለሰ።

2ኛ መልስ የጻፈው ሰው 1953ን በእኛ አቆጣጠር አነበበው። እኛ በታኅሣሥ ግርግር ስንተራመስ እነሱ ድልድይ ይሠሩ ነበር ብሎ በቁጭት ብዙ ጻፈ። 3ኛው መልስ በትህትና አረመው። የእነሱ 1953 ለእኛ 1945 ነው። የተኩስ አቁሙ የተፈረመውም በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሐምሌ 20 ቀን ነው። ድልድዩ የተሠራው መድፉ ዝም ባለበት ዓመት ነው ማለት ነው። ይህቺ እርማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበረች። ገና ከፍርስራሹ ያልወጣ ከተማ ወደ አንድ የመናፈሻ ቤት የሚወስድ ድልድይ ለመሥራት ጊዜና እንጨት ማግኘቱን አስቡት።

ጦርነቱ ሲነሳ የእኛ ሰው ዝም አይልም። 4ኛ መልስ የመጣው ዋሽንግተን ከሚኖር ሰው ነው። አባቱ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ስለ ኮሪያ ሲያወሩ ከጥይቱ ይልቅ የሚያነሱት ብርዱን ነበር አለ። ውሃ በኮዳ ውስጥ ጠጥሮ ያድር ነበር። ኮሪያውያን ወለላቸውን ለምን እንደሚያሞቁ አባቴ በደንብ ያውቁ ነበር ብሎ ጨረሰ። ነገሩ ከርዕስ የወጣ ይመስል ነበር፤ በኋላ እንደሚታየው ግን ለጥያቄዬ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ቅርቡ ይህ ሆነ።

5ኛው ግን ተቆጣ። የመጣነው ስለ ቤት ለማውራት እንጂ ዘማች ለማወደስ አይደለም አለ። ድልድዩን ያፈረሰው የእኛዎቹ መድፍ ሊሆን እንደሚችልም ወረወር አደረገ። 6ኛ መልስ የሰጡት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። አልተሳደቡም፣ ግን ቃላቸው ይከብዳል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ቡሳን ወደብ የደረሰው በግንቦት 1951 ነው። ያኔ ሴኡል በወገን ጦር እጅ ነበረች። የእኛዎቹ የተዋጉት በመካከለኛው ግንባር፣ በተራሮቹ ላይ ነው። ቹንቾን ከተማ ያለው መታሰቢያቸው በ1968 ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል። የሞተ ሰው ያልሠራውን አትለጥፍበት ብለው ዘጉት። 5ኛው ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸውም ልጄ ብለው ተቀበሉት።

7ኛ መልስ ወደ ምድጃው መለሰን። ጸሐፊው አዲስ አበባ ያለ የግንባታ መሐንዲስ ነው። አነጋገሩ ደረቅ ነው። ነገሩ ለቱሪስት የተፈጠረ ወሬ ነው አለ። ደሴቷን ዙሪያዋን ውሃ ከቧታል። አፈሩ እርጥብ ነው። በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚሄድ ጭስ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አይስብም። ፎቶውን ብታዩት ደግሞ ጣሪያው ላይ ጭስ መውጫ የለም። ጭስ መውጫ የሌለው ምድጃ ምድጃ አይባልም ብሎ ደመደመ። እኔ አምኜው ነበር።

8ኛ መልስ የተማሪዋ ነው፤ ከክሩ ሁሉ ረጅሙ። መጀመሪያ ኦንዶል ምን እንደሆነ ለማያውቅ አስረዳች። የኮሪያ ቤት የሚሞቀው ከወለሉ ነው። እሳቱ የሚነደው ከክፍሉ ውጪ፣ ከወለሉ ዝቅ ብሎ በተሠራ አፍ ላይ ነው። ነበልባሉና ጭሱ ወደ ክፍሉ አይገቡም። በወለሉ ሥር በተሠሩ ቦዮች ውስጥ ይጓዛሉ። ቦዮቹ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል። ድንጋዩ በጭቃ ይመረጋል። ከላዩ ዘይት የጠጣ ወፍራም ወረቀት ይለጠፋል። ድንጋዩ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ለብዙ ሰዓት ይይዛል። ሰው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ ሙቀቱ ከሥሩ ይመጣለታል።

በተለመደው ቤት ቦዮቹ ከእሳቱ ተነስተው ጎን ለጎን እየሆኑ ወለሉን አቋርጠው ይሄዳሉ። ሂያንግዎንጆንግ ግን ከዚህ ይለያል። ለጥገናው ሲባል ቤቱ ሙሉ በሙሉ ተፈታ። በ2019 ከሥሩ ሲቆፈር ቦዩ የተገኘው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው። መሃሉ ባዶ ነው፤ ሙቀቱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ይዞራል። ኮሪያውያኑ ራሳቸው የዶናት ቅርጽ ያለው ኦንዶል ብለው ጠሩት። በሌሎች የመናፈሻ ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም።

9ኛው መልስ የመሐንዲሱ ነው፤ አንዲት መስመር ብቻ። ጭሱስ? 10ኛው የእሷ። ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም። ከቤቱ ሥር ባለው የድንጋይ መደብ በኩል፣ ዝቅ ብሎ ይወጣል። በጥገናው ወቅት ጭስ ለቀው ሞክረውታል። ጣሪያውን የሚያበላሽ፣ እይታውን የሚጋርድ ጭስ መውጫ አላስፈለገም።

መሐንዲሱ ሁለት ቀን ጠፋ። 11ኛ መልሱን ይዞ ሲመለስ ተሳስቻለሁ አለ፤ በግልጽ፣ ያለ ሰበብ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ የፍቅር ሆነ። እርጥበቱን እንዴት ተቋቋሙት? ምሰሶው ለምን አልበሰበሰም? እሷም አጋርታው በነበረው ፎቶ ላይ አሳየችው። እንጨቱ መሬት አይነካም። ከታች ስድስት ማዕዘን ያላቸው አጫጭር የድንጋይ እግሮች አሉ። የእንጨት ምሰሶዎቹ የሚቆሙት በእነሱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ምሰሶ ደግሞ ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው ጣሪያ ድረስ አንድ ወጥ እንጨት ነው፤ መሃል ላይ አልተቀጠለም። ስድስቱ የጣሪያ ጎኖች ወደ ላይ ተሰብስበው አንድ ጉልላት ሥር ይገናኛሉ። ቤቱ ከጥገናው በፊት ዘምሞ ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ያለው የምሰሶ መሠረት ድንጋይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ከስድስት ድንጋይ አንዱ። መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ ስለ ስንጥቁ ብቻ ሦስት ጥያቄ አከታተለ። እኔም አብሬው ተያዝኩ።

12ኛ መልስ ከሴኡል ወጣ ባለች ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ከሠራ ወንድማችን ነው። አንድ በዓል ላይ አከራዩ የነበሩ እናት ገጠር ወላጆቻቸው ቤት ወሰዱት። ቤቱ አሁንም በእንጨት የሚነድ የድሮ ኦንዶል ነበረው። ለእሳቱ የሚቀርበው የወለል ክፍል አሬንሞክ ይባላል፤ በጣም ይሞቃል። ራቅ ያለው ዊንሞክ ይባላል፤ ይቀዘቅዛል። አሬንሞክ የሽማግሌና የእንግዳ ቦታ ነው። እሱን እዚያ አስቀመጡት። የ80 ዓመቱ አባት ግን ወደ ቀዝቃዛው ሸሹለት። አይሆንም ብሎ ተነሳ፣ እጁን ይዘው አስቀመጡት። ሌሊት ጀርባው እየጋለ፣ አፍንጫው እየቀዘቀዘ ተኛ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ከወለሉ ሥር የሚሄደው በቱቦ የሚያልፍ ሙቅ ውሃ ነው፤ ወለሉ እኩል ይሞቃል፣ ለማክበር የሚለቀቅ ቦታ የለም ሲል ጻፈ።

እዚህ ላይ ነው ለእኔ ነገሩ የበራልኝ። ሂያንግዎንጆንግ ውስጥ አሬንሞክ ዙሪያውን ነው። በመስኮቶቹ ሥር ነው። ታዲያ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው የት ይቀመጣል? መሃል አይቀመጥም። ጠርዝ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ የመጣው ኩሬውን ሊያይ ነውና። እሳቱም ሰውየው ያለበት ድረስ ሄደለት። ይህን ክሩ ላይ ጻፍኩት። ተማሪዋ ሐሳቡ የራሴ ግምት መሆኑን እንዳልረሳ አሳሰበችኝ። ቦዩ የት እንዳለ ቁፋሮው አሳይቷል፤ ማን የት እንደተቀመጠ ግን ቁፋሮ አያሳይም። ልክ ናት። ግምቴን ግን አልተውኩትም።

13ኛና 14ኛ መልሶች ስለ ቃል ነበሩ። አንዱ ይህን ቤት በአማርኛ ዳስ እንበለው አለ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ተነስተው ተከራከሩ። ዳስ ለሠርግ ተጥሎ በማግስቱ የሚፈርስ ነው። ሰገነት የቤት የላይኛው ክፍል ነው። እልፍኝ የጓዳ ነገር ነው። ቤት ብቻ ካልነው ደግሞ ማደሪያ ይመስላል። ስለዚህ ራሳቸው የሚሉትን ጆንግጃ እንውሰድና እንለማመደው አሉ። ኮሪያውያን ለሐሳብና ለእይታ የሚቀመጡበትን ትንሽ ቤት ጆንግጃ ይሉታል። ስሙ መጨረሻ ላይ ጆንግ ሆኖ ይቀጠላል። ለድግስ የሚሆነው ትልቁና ከፍ ያለው ደግሞ ሩ ነው። እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ግዮንግሆይሩ በ48 የድንጋይ ምሰሶ ላይ የቆመ ነው፤ በ1867 እንደገና ተሠርቷል። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ጆንግጃ ነው የምለው።

15ኛው መልስ አንድ ጆንግጃ እግሩን ውሃ ውስጥ እንደሚነክር ነገረን። ቻንግዶክጉንግ በሚባለው ሌላው ቤተ መንግሥት ጓሮ ያለው ቡዮንግጆንግ ነው። በ1792 በንጉሥ ጆንግጆ ዘመን ነው የአሁኑን መልክ የያዘው። የፊት ሁለት እግሮቹ ድንጋይ ሆነው ኩሬው ውስጥ ቆመዋል። በሮቹ ወደ ላይ ተነስተው ከጣሪያው መንጠቆ ላይ ይሰቀላሉ። በሐምሌ ሙቀት ግድግዳ የሌለው ቤት ይሆናል፣ በጥር ተመልሶ ይዘጋል። ኩሬው አራት ማዕዘን፣ ደሴቷ ክብ ናት። ሰማይ ክብ፣ ምድር አራት ማዕዘን ነው ከሚለው የጥንት እምነት የመጣ ነው። ንጉሡ ሹማምንቱን ግጥም እያስገጠመ፣ በጊዜው ያልጨረሰውን በጀልባ ወደ ደሴቷ ይሰደው ነበር ይባላል።

16ኛው መልስ ከቤተ መንግሥት አወጣን። በአገሩ ደቡብ፣ ዳምያንግ በሚባል ቦታ ሶስዌዎን የሚባል የአትክልት ስፍራ አለ። የሠራው ያንግ ሳን-ቦ ነው። በ1503 ተወለደ። መምህሩ ጆ ግዋንግ-ጆ መንግሥቱን ለማረም የተነሳ ሊቅ ነበር። በ1519 በጠላቶቹ ተንኮል ተጋዘ፣ ከዚያም መርዝ ጠጥቶ እንዲሞት ተፈረደበት። ተማሪው ገና ልጅ ነበር። ሹመት አልፈልግም ብሎ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። በሸለቆው ውስጥ፣ ፈፋውን ተከትሎ ትንንሽ ቤቶች ሠራ። አጥሩ ፈፋው ጋ ሲደርስ አልቆረጠውም። በድንጋይ ክምር ላይ ከፍ አድርጎ ውሃው በሥሩ እንዲያልፍ አደረገው። ፈፋው ዳር ያለው ግዋንግፑንግጋክ የሚባለው ጆንግጃ መሃሉ ላይ አንዲት ጠባብ ኦንዶል ክፍል አለችው። ዙሪያዋን በአራቱም በኩል ክፍት የሳንቃ ወለል ነው። ቦታው በ1597 በጃፓን ወረራ ተቃጠለ። በ1614 የልጅ ልጆቹ መልሰው ሠሩት።

ሁለቱን አነጻጽሯቸው። በያንግ ሳን-ቦ ቤት ሙቀቱ መሃል፣ ብርዱ ዙሪያ ነው። በንጉሡ ቤት ሙቀቱ ዙሪያ፣ ብርዱ መሃል ነው። ይህን ያየው 16ኛው ነው፤ ምስጋናው ለእሱ ነው። እኔ ቀን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ።

17ኛው መልስ ስለ ውበት ስናወራ የማን ላብ እንደሆነ ረሳችሁት ብሎ ተነሳ። ግዮንግቦክጉንግ በ1592 ከተቃጠለ በኋላ ለ270 ዓመታት ያህል ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። በ1865 የንጉሡ አባት ዴዎንጉን እንደገና ማሠራት ጀመረ። ለዚህ ከሕዝቡ መዋጮ ተሰበሰበ። በ1866 ዋጋው ከድሮው መቶ እጥፍ ነው የተባለ አዲስ ሳንቲም ተመታ። ናሱ ግን መቶ እጥፍ አልነበረም። ገበያው ተናጋ፣ የእህል ዋጋ ናረ። በዚህ ገንዘብ የተሠራን ቤት እያየሁ መዓዛ አይሸተኝም አለ። ንግግሩ ሻካራ ነበር።

18ኛው መልስ የተማሪዋ ነው። ስለ ሳንቲሙ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ሂያንግዎንጆንግ ግን በዚያ ጊዜ አልተሠራም። ለረጅም ጊዜ በ1867 እና በ1873 መካከል ተሠራ ይባል ነበር። በጥገናው ወቅት የእንጨቶቹ የዕድሜ ቀለበት ተቆጠረ። ዛፎቹ የተቆረጡት በ1881 እና በ1884 ነው። ስለዚህ ቤቱ በ1885 አካባቢ ተሠራ ተብሎ ይገመታል። ስሙም በቤተ መንግሥቱ መዝገብ ላይ መጀመሪያ የሚታየው በ1887 ነው። ያኔ አባትየው ከሥልጣን ርቀዋል፤ የሚገዛው ጎጆንግ ራሱ ነው። 17ኛው አልተረታም። ልጅ ቢያሠራው አባት ቢያሠራው ከፋዩ ገበሬ ነው ብሎ ጻፈ። እኔ እንደምለው ዓመቱን ስቷል፣ ቁጣውን ግን አልሳተም። ስለነዚህ ቤቶች ስናወራ የእሱ ዓይነት ሰው መሃላችን መኖር አለበት።

19ኛው መልስ የስሙን ምንጭ አመጣ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቻይናዊ ሊቅ ዦው ዱንዪ ሎተስ አበባን የሚወድበትን ምክንያት ጽፏል። ከጭቃ ወጥታ አትቆሽሽም፤ መዓዛዋም እየራቀ ሲሄድ ይበልጥ ይጠራል። ሂያንግዎን ማለት ይኸው ነው፤ ሩቅ የሚደርስ መዓዛ። በዚሁ ቦታ ንጉሥ ሴጆ በ1456 ሌላ ጆንግጃ ሠርቶ ኩሬው ላይ ሎተስ አስተክሎ እንደነበረም ጨመረ።

20ኛው መልስ ስለ ውሃው ነው። የኩሬው ውሃ የሚመጣው በሰሜን ምዕራብ ጥግ ካለች ምንጭ ነው። ምንጯ በቀጥታ አትገባም። መጀመሪያ ክብ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ትወርዳለች። ከዚያ በጠባብ ቦይ ትታጠፋለች። ቀጥሎ በጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ቀስ ብላ ኩሬው ውስጥ ትገባለች። ፍጥነቷ ይበርዳል፣ ቅዝቃዜዋም ይለዝባል። የኩሬው ፊት አይረበሽም፤ የቤቱ ጥላ ውሃው ላይ ሳይሰበር ይታያል። ይህን የጻፈው ሰው ምንጯን አይቶ ለግማሽ ሰዓት አጠገቧ እንደተቀመጠ ተናገረ። እኔ ግን እዚያው በአጠገቧ አልፌ አላየኋትም። ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል።

21ኛው ኤሌክትሪክን አነሳ። በኮሪያ ምድር የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት የበራው በ1887 በዚሁ በጎንቾንግጉንግ ነው። ማሽኑ ከአሜሪካ የኤዲሰን ኩባንያ መጣ። የሚያስፈልገው ውሃ የተቀዳው ከዚህ ኩሬ ነው። ሰዉ ከውሃ የወጣ እሳት ነው ብሎ የውሃ እሳት አለው። ከማሽኑ የሚመለሰው ትኩስ ውሃ የኩሬውን ዓሣ ጨረሰ ተብሎም ይወራል። 22ኛው ስለ እኛ አገር የመጀመሪያ መብራት መጠየቅ ጀመረ። 23ኛው ጎንደር ያለውን የፋሲል መዋኛ አመጣ፤ እሱም በውሃ መሃል የቆመ፣ በድልድይ የሚገባበት ቤት ነው ብሎ። አወያዩ ለሁለቱም ሌላ ክር እንዲከፈት ጠየቀ፣ ተከፈተም።

24ኛ መልስ አጭር ነበር። ድልድዩ ከሚነሳበት ከዚያ ቤት ውስጥ ንግሥት ምዮንግሶንግ በጥቅምት 8 ቀን 1895 በጃፓኖች እጅ ተገደለች። ጎጆንግ በማግስቱ ዓመት በየካቲት ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ወደ ሩሲያ ሌጋሲዮን ሸሸ። ይህን የጻፈችው ሴት ሌላ ቃል አልጨመረችም። ለተወሰነ ሰዓት ማንም አልመለሰም።

ከዚያ ግን ጠቡ መጣ። 25ኛው መልስ የ1953ቱ ድልድይ መነሳቱን ተቃወመ። ከ60 ዓመት በላይ ቆሟል። የተራበ አገር ነው የሠራው። ስንት ሙሽራ ፎቶ ተነስቶበታል፣ የዚህ ክር ጀማሪ አጎትም ጭምር። የንጉሥ ድልድይ ታሪክ ከሆነ የድሃ ሕዝብ ድልድይስ ለምን ታሪክ አይሆንም ብሎ ጠየቀ። ነጩ ቀለምም አዲስ እንጂ ጥንታዊ አይመስለውም። 26ኛው ክፉ መለሰ። ስህተት ስላረጀ እውነት አይሆንም አለ፤ ከዚያ አልፎ ስድብ ጨመረበት። 27ኛው የባሰ ስለነበር አወያዩ አጠፋው።

28ኛው የተማሪዋ የመጨረሻ ረጅም መልስ ነው። ለማንም አልወገነችም። ነገሩን በዓመት በዓመቱ አስቀመጠችው። ጎንቾንግጉንግ በ1909 ፈረሰ። በ1939 በቦታው ሙዚየም ተሠራበት። ስለዚህ በ1953 ድልድዩን የሠሩ ሰዎች ወደ ሰሜን ሲያዩ የንጉሡ ቤት የለም። ድልድይ ሰው ካለበት ይነሳል፤ ሰዉ ደግሞ በደቡብ በኩል ነበር። ጎንቾንግጉንግ እንደገና ተሠርቶ በ2007 ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ሙሉ ቤቱ አለ፣ ጆንግጃው አለ፣ ድልድዩ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሲመለስ የድሮ ፎቶዎችና በቁፋሮ የተገኙ የእግሮቹ ቦታዎች ናቸው መንገድ ያሳዩት። ነጩም ቀስቱም ከፎቶዎቹ የመጣ ነው። በ1953 የሠሩትን ግን አትስደቡ፤ ያኔ የነበረውን አይተው ነው የሠሩት አለች።

እኔ መመለሱን ደግፌያለሁ። እሳቱም ድልድዩም አንድ ነገር ይናገራሉ። ይህ ቤት የተሠራው ከሰሜን ተሻግሮ ለሚገባና መስኮቱ ሥር ለሚቀመጥ ሰው ነው። እኛ ከደቡብ ቆመን ስናየው ግን ለመታየት የተሠራ ይመስለናል። ያም ሆኖ በደቡቡ ዳርቻ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ጽሑፍ፣ እዚህ ጋ ድልድይ ነበረ የሚል ምልክት ቢቆም ደስ ይለኛል። 25ኛው ይህን ሲያነብ ተስማማ። 26ኛው አልመለሰም።

29ኛው መሐንዲሱ ነው። የተሰነጠቀውን ድንጋይ ምን አደረጉት ብሎ ይጠይቃል። እስካሁን የመለሰለት የለም፤ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

30ኛው ፎቶ ብቻ ነው። ተማሪዋ ማለዳ ሄዳ ከጎንቾንግጉንግ በር ላይ ቆማ አንስታዋለች። ነጩ ድልድይ ከእግሯ ሥር ተነስቶ ወደ ጆንግጃው ይሄዳል። ከቤቱ ወዲያ፣ በጣም ርቆ፣ በደቡቡ ዳርቻ ጥቂት ጎብኚዎች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይታያሉ።

ስልኬን ለአጎቴ ሰጠሁት። ፎቶውን በጣቱ አሰፋው። ጎብኚዎቹ የቆሙበትን ቦታ ፈልጎ አገኘው። እኔ እዚህ ጋ ነበርኩ አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ያለችውን ፎቶ አወረደና ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጣት። ሁለቱን ለረጅም ጊዜ እያየ ከቆየ በኋላ በመስኮቶቹ ውስጥ ሰው ይታይ እንደሆነ ጠየቀኝ።